ስለ ጕበኛና ስለ ጠባቂ

ከቅዳሴ በኋላ በሚሰጠው ትምህርት የነቢዩ ሕዝቅኤል መጽሐፍ ሠላሳ ሦስተኛው ምዕራፍ ሲነበብ አንድ ነገር መላልሼ አስተውያለሁ። አንባቢው «ጕበኛ» ከሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁ ጥቂት ይሰናከላል፤ ሰባኪውም ተቀብሎ ጕበኛ ማለት ጠባቂ ማለት ነው ይልና ወደሚቀጥለው ቍጥር ይሻገራል። ሕዝቡም ጠባቂ የሚለውን ቃል ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ስለ ሆነ ራሱን ነቅንቆ ይቀበላል። ነገሩ ከዚህ በላይ ምንም የሌለበት ይመስላል። እኔ ግን በዚያች በአንዲት አጭር ፍቺ ምክንያት አንድ ትልቅ ነገር ከእጃችን ወድቋል ብዬ አምናለሁና፥ የወደቀው ምን እንደ ሆነ በዚህ ገጽ ላይ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ጠባቂ የሚለውን ቃል ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ የከበረ ቃል ነው። ቃየል ስለ አቤል በተጠየቀ ጊዜ አይመለከተኝም ብሎ የካደው ይህንኑ ግብር ነው፤ መዝሙረኛውም የእስራኤል ጠባቂ እንቅልፍ እንደሌለበት ሲናገር በግእዙ የምናገኘው ግስ ያው ዐቀበ ነው። ከዚሁ ከዐቀበ የቤተ ክህነትና የቤተ መንግሥት ብዙ ስሞች ተወልደዋል። የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔቶች የተጠሩበት ዐቃቤ ሰዓት፥ መጻሕፍትን የሚይዘው ዐቃቤ መጻሕፍት፥ ገንዘብ የሚይዘው ዐቃቤ ንዋይ፥ በግእዙ ወንጌል ሐኪም የተጠራበት ዐቃቤ ሥራይ፥ ዛሬም በፍርድ ቤት የሚቆመው ዐቃቤ ሕግ፥ ሁሉም ያንድ አባት ልጆች ናቸው። ውቃቢ የምንለውም ቢሆን ከቤተ ክርስቲያን ዑቃቤ መልአክ ቤት ተነሥቶ ወደ ዛር ቤት የኰበለለ ወንድማቸው ነው።

እነዚህን ስሞች ልብ አድርጎ ያስተዋለ ሰው፥ እያንዳንዱ ዐቃቢ የሚያቅበው ነገር ከስሙ ጋር ታስሮ እንደሚሄድ ያያል። ሰዓት ነው፤ መጽሐፍ ነው፤ ገንዘብ ነው፤ መድኃኒት ነው፤ ሕግ ነው። የጠባቂ ዐይን በሚጠብቀው ነገር ላይ ነው። በአክሱም ጽዮን ታቦቱን የሚጠብቁት መነኩሴ ከቅጽሩ ሳይወጡ ዕድሜያቸውን የሚፈጽሙት ስለዚህ ነው፤ ጠባቂ ከሚጠብቀው ነገር አይርቅም፥ ዐይኑንም ወደ ሌላ አይመልስም። ቢሰረቅበት ይጠየቃል፤ ካልተሰረቀበት ዝም ብሎ ቢኖርም ጠባቂነቱ አይጐድልም፤ እንዲያውም ጥሩ ጠባቂ አፉ ዝግ ነው ይባላል።

ጕበኛ ግን ፊቱን ያዞረው ወደ ውጭ ነው። ለከተማው ጀርባውን ሰጥቶ በቅጥሩ ላይ ይቆማል። በእጁ ያለው ቀንደ መለከት ነው እንጂ ቍልፍ አይደለም፤ ሥራውም ሩቅ ማየትና ያየውን መጮኽ ነው። ነቢዩ በዚያ ምዕራፍ የሠራው ሕግ እጅግ ጥብቅ ነው። የአገሩ ሰዎች ከመካከላቸው አንዱን መርጠው ያቆሙታል፤ ሰይፍ ሲመጣ አይቶ ከነፋ፥ ሰምቶ ያልተጠነቀቀው ሰው ደሙ በገዛ ራሱ ላይ ነው፤ አይቶ ዝም ካለ ግን የሟቹ ደም ከእርሱ እጅ ይፈለጋል። እንግዲህ ጠባቂ የሚፈረድበት በጠፋው ዕቃ ሲሆን፥ ጕበኛ የሚፈረድበት በዝምታው ነው። ሰባኪው ጕበኛን ጠባቂ ብሎ ሲፈታው ይህ ሕግ ተሽሮ ያልፋል፤ ሰሚውም ነቢዩ በአንድ ዕቃ ቤት ደጃፍ የተቀመጠ ይመስለዋል።

ይህ ልዩነት እኔ የፈጠርሁት እንዳይመስል፥ ዕብራይስጡ ለሁለቱ ሁለት ስም እንዳለው ማስታወስ ይገባል፤ የሚጠብቀውን ሾሜር፥ ከከፍታ ሆኖ የሚያየውን ጾፌ ይለዋል፤ ሕዝቅኤል የተባለውም ጾፌ ነው። ይልቁንም በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ዐሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ነገሩ በሥዕል ይታያል። ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ጋር የተደረገው ጦርነት እንዴት እንደ ተፈጸመ ለመስማት በሁለቱ በሮች መካከል ተቀምጦ ሳለ፥ አንድ ሰው ከበሩ ሰገነት ወጥቶ ይመለከታል። አንድ ሰው ብቻውን ሲሮጥ አየና ጮኾ ለንጉሡ ተናገረ፤ ንጉሡም ብቻውን ከሆነ ወሬ ይዟል ብሎ ተረዳ፤ የተሸነፈ ሠራዊት ቢሆን ብዙ ሆኖ ተበታትኖ ይመጣ ነበርና። ሁለተኛውን ሯጭ ባየ ጊዜ ከላይ ያለው ከታች ላለው ለበሩ ጠባቂ ተጣራ። ሁለቱ ሰዎች፥ ሁለቱ ሥራዎች፥ በአንድ በር ላይና ታች እንዲህ ቆመው ይታያሉ። ከዚያ በኋላ ያ ከላይ ያለው ሰው የመጀመሪያውን ሯጭ ገና ፊቱ ሳይለይ በአሯሯጡ የሳዶቅ ልጅ አኪማአስ መሆኑን ዐወቀ። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር የምደነቀው ስለዚያ ስሙ ስላልተጻፈው ሰው ነው። ያየውን ሁሉ ይናገራል፤ ያላየውን ግን አይጨምርም። ወሬው ደስ የሚያሰኝ ይሁን የሚያሳዝን አላለም፤ አንድ ሰው ይሮጣል አለ፤ ሌላም ይሮጣል አለ፤ አሯሯጡ የእገሌን ይመስላል አለ። የተስፋውን ንግግር ተናጋሪው ንጉሡ ራሱ ነበር።

ጕበኛ የባዕድ ነገር ነው፥ ባገራችን ልማድ አይታወቅም የሚል ሰው ቢኖር ወደ ቆላው ወርዶ ማሽላ ሲያሸት ይመልከት። በማሳው መካከል በባላ ላይ ማማ ይሠራል፤ በማማው ላይ ወንጭፍና ጅራፍ የያዘ ልጅ ይውላል። እኔም በልጅነቴ የዋልሁበት ስለ ሆነ የምናገረውን ዐውቃለሁ። ግሪሳው በሩቅ እንደ ደመና ሲነሣ ልጁ ወፉ ገና ከማሳው ሳይደርስ ይጮኻል፤ ጩኸቱንም የጎረቤቱ ማማ ይቀበለዋል፤ ከማማ ወደ ማማ እየተላለፈ ሸለቆውን ሁሉ ያዳርሳል። ዝንጀሮ ሲመጣማ ልጁ ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም፤ ኃይሉ በጕሮሮው ብቻ ነው፤ ጮኾ ትልልቆቹን ይጠራል። ማማው ባዶ መሆኑን ያወቀ ገበሬ ራሱ ወጥቶ ያያል፤ የሚያሳዝነው ልጁን ማማ ላይ አድርጎ ልቡን ጥሎ የተኛው ነው፤ ልጁ ካንቀላፋ ማታ የሚያገኘው አገዳውን ብቻ ነውና። ጕበኛ የሚለውን ቃል ስንሰማ ጆሯችን ጕብ ማለትን ማሰቡ ደግ ነው፤ ከፍ ካለ ነገር ላይ ጕብ ብሎ የሚያይ ሰው በዐይነ ልቡናችን ይታየናል። በዘመቻም ጊዜ ከሠራዊቱ ፊት ቀድሞ የሚያድረው ቃፊር የዚሁ ዘመድ ነው።

እንግዲህ ቃሉ እያለ፥ ነገሩም ባገሩ እያለ፥ ለምን ተወው ቢሉ፥ ምክንያቱ ጠባቂ የሚለው ቃል ሁሉን ስለ ዋጠው ነው። ዛሬ በከተማ ጠባቂ የማይባል የለም። በኳስ ሜዳ ግብ ጠባቂ አለ። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት የሕዝብ እንባ ጠባቂ ይባላል፤ ስሙ ያማረ ነው፥ ነገር ግን እንባው እንዳይፈስስ ነው የሚጠብቀው ወይስ ፈስሶ እንዳይጠፋ የሚለው ጥያቄ ባነበብሁት ቍጥር ይመጣብኛል። በረኃብ ዘመን ደግሞ እርዳታ ጠባቂ የሚል ስም ወጣ፤ በዚህኛው ጠባቂ ማለት የሚያቅብ መሆኑ ቀርቶ እጁን ዘርግቶ የሚቈይ ማለት ሆነ። ከዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ልጅ አለው፥ እርሱም ጠበቃ ነው፤ ከጠበቀ ዘሮች መካከል በአፉ የሚጠብቅ እርሱ ብቻ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ የቆመውንም ሰው ዘበኛ ማለት ነውር መስሎ ስለ ታየን ጥበቃ ብለን ጠራነው። ጥበቃ የሥራው ስም ነው እንጂ የሰውየው አይደለም፤ መቼም ገበሬውን እርሻ፥ መምህሩንም ትምህርት ብሎ የሚጠራ የለም። ቀድሞ በረኛ፥ አጋፋሪ፥ እልፍኝ አስከልካይ፥ ቄሰ ገበዝ፥ ሞግዚት እየተባለ እያንዳንዱ በግብሩ ይለይ ነበር። ከጣልያንኛ የመጣው ዋርድያ ስንኳ የራሱ መልክ አለው፤ ሲሰሙት የወኅኒ ቤት ቍልፍ ይንኳኳል።

ስለ ዘበኛ ጥቂት ልጨምር። ዘበኛ ከጠባቂም ከጕበኛም የተለየ ነው፤ በተራ ዘብ የሚቆም፥ አለቃ ያለው፥ ደመወዝ የሚቈረጥለት ነው። መሣሪያው ከሚጠብቀው ሰው አጠገብ ስለ ሆነም ነገሩ አስፈሪ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ሳሉ በአዲስ አበባ መፈንቅለ መንግሥት የሞከረው በአዛዡ በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተመራው ክብር ዘበኛ ነበር። የዚያን ነገር ፍርድ ለታሪክ ጸሐፊዎች ትቼ፥ ለቋንቋ የሚጠቅመውን ብቻ እወስዳለሁ፤ ዙፋኑን እንዲጠብቅ የቆመው ዙፋኑ ላይ ሲነሣ ስሙና ግብሩ ተጣሉ፤ ክብር የተባለው ምን እንደ ሆነ በዚያ ሳምንት ሰው ሁሉ ተጠያየቀ።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን በግእዝ ይዛ ያቈየችው ቤተ ክርስቲያናችን ናት፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ እስኪያደርስ ድረስ የዚያ አገር ሊቃውንት በቍርጥራጭ ካልሆነ በቀር አያውቁትም ነበር። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሰማይ መላእክት ትጉሃን ተብለዋል፤ የማይተኙ፥ ነቅተው የሚያድሩ ማለት ነው። በ1952 በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ ከተገኙት የአራማይስጥ ቍርጥራጮች ላይም ቃሉ ዒሪን ሆኖ ተጽፎ ተገኝቷል፤ ትርጓሜው ያው የነቁ ማለት ነው። ከእነዚህ ትጉሃን መካከል ሁለት መቶዎቹ በአርሞን ተራራ ወርደው የወደቁበት ታሪክ የታወቀ ነው። እኔን የሚነካኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የወደቁት ትጉሃን ሄኖክን ልመናቸውን ጽፎ እንዲያቀርብላቸው ለመኑት፤ የተመለሰላቸውም መልስ ነገሩ ተገልብጧል የሚል ነበር፤ ስለ ሰው መለመን የሚገባቸው እነርሱ ሆነው ሳለ ሰው ስለ እነርሱ እንዲለምን አደረጉ። ካህናት ይህን ክፍል በየጊዜው ቢያነቡት መልካም ነው እላለሁ፤ የምናገረውም ከእነርሱ ሸሽቼ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ትጉህ የሚገባ ወቀሳ አለ። በግእዙ ትጉህ የነቃ ነው፤ ሌሊት ቆሞ የሚያድር ነው። በዛሬው አማርኛ ግን ትጉህ ማለት ብዙ የሚሠራ ማለት ሆኗል። ትጉህ ተማሪ፥ ትጉህ ሠራተኛ፥ ትጉህ ነጋዴ እንላለን። ቃል እያደገ ሲሄድ ትርጓሜው መለወጡ የማይቀር ቢሆንም ቅሉ፥ በዚህ ለውጥ የጠፋውን ማወቅ ይገባል። ብዙ የሚሠራ ሰው የነቃ ላይሆን ይችላል፤ ወፍጮም ሌሊቱን ሁሉ ይሠራል። ሰዓታት ቆመው የሚያድሩትን አባቶች ትጉሃን ስንላቸው ስለ ድካማቸው ብቻ ማመስገናችን ከሆነ፥ ግማሹን ምስጋና ነፍገናቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የጕበኛ ስም በቤተ ክርስቲያናችን ከፍ ባለው ማዕርግ ውስጥ ተሰውሮ መኖሩ ነው። የብሉይ ኪዳን የግሪክ ተርጓሚዎች በሕዝቅኤል ላይ ጾፌ የሚለውን ስኮፖስ ብለው ተረጐሙት፤ ከሩቅ የሚያይ ማለት ነው። ከዚሁ ስኮፖስ ላይ ኤፒ የሚለው፥ «በላይ» ማለት የሆነው፥ ሲጨመር ኤፒስኮፖስ ይሆናል፤ ይኸውም በእኛ ፊደል ኤጲስ ቆጶስ ነው። አባቶቻችን ስሙን ሳይተረጕሙ እንዳለ ተቀበሉት፤ ማዕርጉን ለማክበር መልካም አደረጉ፤ ነገር ግን ትርጓሜውን በግሪክ አገር ትተነው ቀረን። አንድ አባት ኤጲስ ቆጶስ ሆነው ሲሾሙ ሕዝቡ የሚያስበው ዘውዱንና በትረ ሙሴውን ነው፤ ከማማው ላይ የወጡ መሆናቸውን የሚያስብ ጥቂት ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በኃምሳ ስድስተኛው ምዕራፍ የማያዩትን ጕበኞች ከማይጮኹ ውሾች ጋር ያስተካከለበት ቃል መራራ የሆነው ስለዚህ ነው፤ ሌባ ሆኑ ብሎ አልከሰሳቸውም፥ አላዩም፥ አልጮኹም ብሎ ነው እንጂ።

ወደ ድርሰቶቻችን ስንመጣ የዚህ ሰው መልክ በጥሩ ብርዕ ተሥሎ የምናገኘው በሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስለ ጉዱ ካሣ ብዙ ተጽፏል፤ አንዳንዱ የለውጥ ሐዋርያ፥ አንዳንዱ ፈላስፋ ይለዋል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ጉዱ ካሣ ጭፍራ አልሰበሰበም፤ መንግሥት ለመገልበጥ አልመከረም፤ የፍልስፍና መጽሐፍም አልጻፈ። ያደረገው ነገር ቢኖር የቆመበት የባላባቶች ሥርዐት መሠረቱ እንደ ተነቀነቀ ከሌሎቹ ቀድሞ ማየቱና ማየቱን አለመሸሸጉ ነው። ስለዚህም ጤነኞቹ እብድ አሉት። ደራሲው ይህን ሰው ከባላባቱ ወገን መካከል ማውጣቱ ትልቅ ማስተዋል ነው፤ ነቢዩም የአገሩ ሰዎች ጕበኛውን ከመካከላቸው እንደሚያወጡት ተናግሯልና። ነቀፌታዬ በአንድ ነገር ነው። ጉዱ ካሣ ሲናገር አንዳንድ ጊዜ ንግግሩ ይረዝማል፤ የሚታየውን ማሳየቱን ትቶ ለምን እንደሚታይ ወደ ማብራራት ይገባል፤ ያን ጊዜ ከማማው ወርዶ ከወንበር ላይ የተቀመጠ ይመስላል። የዳዊት ሰገነት ላይ የነበረው ሰው በአንድ ቃል የተናገረው እንዴት እንደ ከበደ ያሰበ አንባቢ ልዩነቱን ያውቀዋል። ከጉዱ ካሣ በኋላ በተጻፉ ልብ ወለዶች ውስጥ የመጡት ብዙዎቹ ተቺ ገጸ ባሕርያት ደግሞ ይህንኑ ጕድለቱን ወርሰው ዐይኑን ሳይወርሱ ቀርተዋል።

አንድ የተማሩ ካህን ይህን ሐሳቤን ሰምተው ሲመልሱልኝ፥ ሕዝቡ የማያውቀውን ቃል መናገር ምን ይጠቅማል፥ መልእክቱ ከቃሉ አይበልጥምን ብለውኛል። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሕዝቡ ኤጲስ ቆጶስን፥ ቆሞስን፥ ዲያቆንን፥ ሌላም ብዙ የባዕድ ቃል ያለ ችግር ተምሮ ይዟል፤ ጕበኛን ብቻ እንዳይማር ምን ከለከለው? ደግሞም መልእክቱ ከቃሉ ይበልጣል ስንል በዚህ ቦታ አይሠራም፤ ቃሉ ሲለወጥ መልእክቱ ራሱ ተለውጧል። ጠባቂ የተባለ ካህን የደብሩን ንዋየ ቅድሳት ቈጥሮ ተቀብሎ ቈጥሮ ቢያስረክብ ግዴታውን ፈጽሟል። ጕበኛ የተባለው ግን ዕቃው ሁሉ በቦታው ሳለ ሊፈረድበት ይችላል። የትኛው ስም ለእንቅልፍ እንደሚስማማ አንባቢ ራሱ ይመዝን። ስለዚህ ተርጓሚም ሆነ ሰባኪ ጠባቂ ብሎ ከመጻፉ ወይም ከመናገሩ በፊት፥ ይህ ሰው የሚያየው ወዴት ነው ብሎ ቢጠይቅ ይበቃዋል። ወደ ውስጥ ከሆነ ጠባቂ ይበለው፤ ወደ ውጭ ከሆነ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሕዝቅኤል ላይ ጕበኛ ብሎታልና እንዳለ ይተውለት፤ መፍታት ቢያስፈልገው ማማውን ይጥቀስለት።

ስለ ፊደሉም አንድ ቃል አለኝ። በዚያው እትም ቃሉ የተጻፈው በጕ ነው፤ አሁን ግን አብዛኛው ሰው በጉ ይጽፈዋል፥ ይህም ለሌላ ስሕተት በር ከፍቷል። በአንድ የጉባኤ ማስታወቂያ ላይ የነቢዩ ቃል ተጠቅሶ፥ ጕበኛ በሚለው ፈንታ ጉቦኛ ተብሎ ታትሞ አይቻለሁ። ማስታወቂያው ለሁለት ሳምንት በደጀ ሰላሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቈየ። ያነበቡት ሰዎች ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በኋላ ግን አራሚው ለምን እንዳላየው ሳስበው ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፤ ጕበኛን አያውቀውምና፥ የሚያውቀውን ቃል ጻፈ።